ሽታው ከአጥር ሲሻገር

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ሽታ ነው። ርእሱ ለመንፈሳዊ መጽሔት የማይመጥን መስሎ ከታያችሁ እባካችሁ ጥቂት ታገሡኝ። ከባለቤቴ ጋር በአዳማና በአካባቢው ከተሞች ባገለገልንባቸው ዓመታት ብዙ ጎረቤታሞች ሳሎናችን ውስጥ ተቀምጠው አልቅሰዋል። አንዱን ያመጣው የአጥር ወሰን ነው፤ ሌላውን የልጆች ጠብ፤ ሌላውን ያልተመለሰ ብድር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን እየበዛ የመጣው ከማዶ ግቢ የሚነሣ የበረትና የዶሮ ቤት ሽታ ነው።

ሽታ ማስረጃ የሌለው ጠብ ነው። የአጥር ወሰን በሜትር ይለካል፣ ብድርም ወረቀት አለው። ሽታ ግን ፎቶ አይነሣም፤ ሽማግሌዎች በመጡበት ሰዓት ደግሞ ነፋስ ወስዶት ሊሆን ይችላል። አንዱ "መተንፈስ አቃተን" ሲል ሌላው "እኛስ እዚሁ እየኖርን አይደል? ምንም አይሸትም" ይላል። ብዙ ጊዜ ሁለቱም አልዋሹም። ጠቡ ሥር የሚሰደውም እዚህ ላይ ነው።

ነገሩ ለምን በዛ?

እስቲ አካባቢያችንን አስቡት። ቢሾፍቱ በዶሮ እርባታ የታወቀች ናት። በአሮጌው መንገድ በሞጆ ያለፈ ተሳፋሪ የቆዳ ፋብሪካዎቹን ሽታ ለዓመታት ያውቀዋል። በአዳማ ዙሪያ ከቦረና የመጡ ኮርማዎች ለውጭ ገበያ የሚደልቡባቸው በረቶች አሉ። በየሰፈሩም ሁለት ሦስት የተዳቀሉ ላሞች ይዛ ልጆቿን የምታሳድግ እናት አትጠፋም። በኅዳር 2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ወተት፣ እንቁላልና ማር በየቤቱ እንዲመረት መንግሥት ራሱ ያበረታታል። መልካም ነገር ነው። ነገር ግን ከተሞቻችንም ወደ ዳር እየሰፉ ነው። ትናንት ማሳ በነበረው ቦታ ዛሬ መኖሪያ ቤት ቆሟል። ስለዚህ "እኔ ቀድሜ ነበርኩ" የምትለው ባለ ላምና "ዕድሜያችንን ሙሉ ቆጥበን የሠራነው ቤት ነው" የሚሉት ባልና ሚስት በአንድ አጥር ይዋሰናሉ።

በዚያ ላይ አዳማ የነፋስ ከተማ ናት። ከከተማው ዳር የሚሽከረከሩት የአዳማ 1 እና የአዳማ 2 የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች፣ 51 እና 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዘው እዚህ የተተከሉት ነፋሳችንን አይተው ነው። ይህ ነፋስ ቀን ላይ ሽታውን ይበትነዋል፤ አለዚያም አንዱን ጎረቤት ትቶ ወደ ሌላው ብቻ ይዞት ይሄዳል። ማታና ንጋት ላይ ደግሞ አየሩ ሲቀዘቅዝና ነፋሱ ሲያርፍ ሽታው ከመሬት ሳይነሣ ይተኛል። ቤተሰብ ለእራት የሚቀመጠው በዚያው ሰዓት ነው።

ሽታው ወደ ትዳር ሲገባ

ባለትዳሮች ሆይ፣ ይህን ክፍል አብራችሁ አንብቡት። ከአጥር ማዶ የመጣ ጠብ ከአጥር ወዲህ ያሉትን ባልና ሚስትም ያጣላል። ቤት የምትውለው ሚስት ሽታውን ቀኑን ሙሉ ስትሸተው ትውላለች፤ ባል ማታ መጥቶ "አበዛሽው" ይላታል። በሌላ ቤት ደግሞ ባል በእልኽ ተነሥቶ ክስ ሊጽፍ ሲል፣ ሚስት ነገ ልጇን አደራ የምትለው ለማን እንደሆነ ታስባለች።

በባለ ላሞቹም ቤት እንዲሁ ነው። የወተቱ ገንዘብ ብዙ ጊዜ የሚስት ነው። የልጆች ደብተርና ዩኒፎርም፣ የእድሩ መዋጮ፣ አስራቱም ከዚያ ይወጣል። ጎረቤት ሲያማርር ግን በየቡና ቤቱ የሚሰማው ባል ነው። እርሱ "ሽጫቸው" ይላል፤ እርሷ "ታዲያ ምን እንብላ?" ትላለች። ጠቢቡ በምሳሌ 14፥4 ላይ ያሳየን ይህንኑ ነው፤ በረትን ንጹሕ ማድረግ ቀላል ነው፣ ከብቱን ማስወጣት ብቻ ይበቃል፤ ነገር ግን ከብቱ ሲወጣ በረከቱም አብሮ ይወጣል።

ስለዚህ ወደ ጎረቤት ከመሄዳችሁ በፊት በቤታችሁ ተስማሙ። ለሁለት አፍ ከሆናችሁ ጎረቤታችሁ ለየትኛው ይመልስ?

አፍንጫ ይለምዳል

እግዚአብሔር አፍንጫን ሲፈጥር ለለውጥ የሚነቃ አድርጎ ፈጥሮታል። አንድ ሽታ ሳይቋረጥ ሲቆይ አፍንጫ ይለምደውና መናገሩን ያቆማል። ሽቶ የተቀባ ሰው ጥቂት ቆይቶ የራሱን ሽቶ እንደማይሸተው ማለት ነው። ከላሞቿ ጋር የምትውል ሴት "አይሸትም" ስትል አፍንጫዋ የነገራትን ነው የተናገረችው። ከውጭ የገባው ሰው ደግሞ በእውነት ተቸግሯል። ይህን ያወቀ ሰው "ውሸታም" ከማለት፣ ሌላውም "ቅብጠት ነው" ከማለት ይድናል።

ስማቸውንና ሰፈራቸውን ሳልጠቅስ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። በአንድ ጉባኤ የሚያመልኩ ሁለት ቤተሰቦች ናቸው። አንደኛዋ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ሦስት ላም ያሏቸው እናት፤ ሁለተኛዎቹ ሌሊት የሚያስል ሕፃን ያላቸው ወጣት ባልና ሚስት። በቤተ ክርስቲያን ለየብቻ መቀመጥ ከጀመሩ ወራት አልፈዋል። ወጣቷ አንድ ቀን የሰባት ሰው ፊርማ ያለበት የቀበሌ ማመልከቻ በቦርሳዋ ይዛ መጣች።

"ይፈርሙልኝ ብዬ አይደለም፤ ነገ ከማስገባቴ በፊት እንዲጸልዩልኝ ነው" አለችኝ።

"ለእርሳቸው ነግረሻቸዋል?" አልኳት።

"በአጥር ላይ ስንቴ ነግሬያቸዋለሁ!"

"በአጥር ላይ መንገርና ቤት ገብቶ መንገር አንድ አይደለም፤ እስቲ ቡና አፍልተሽ ጥሪያቸው" አልኳት። እርሷም እሺ አለች።

እናቲቱ በዚያ ሳምንት ለቀብር አሰላ ሦስት ቀን ሰንብተው ነበርና በተመለሱ ዕለት ወደ ቤታቸው ሳይገቡ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ተጠሩ። ባለቤቴና እኔም ነበርን። ቡናው ገና አቦል ሳለ እናቲቱ የነጠላቸውን ጫፍ ወደ አፍንጫቸው ወሰዱት፤ ከዚያ ቀስ ብለው "ልጄ፣ ይሄ ከኔ ቤት ነው እንዴ?" አሉ። ማንም አልመለሰላቸውም። ሕፃኑ በጓዳ ሲያስል ይሰማ ነበር።

ከዚያ በኋላ እርሳቸው ተናገሩ። የሴት ልጃቸው የኮሌጅ ክፍያ ከሦስቱ ላሞች ወተት እንደሚወጣ፣ የበረቱን ወለል ሊሾ ለማስደረግ ሁለት ጊዜ ቆጥበው ሁለቱንም ጊዜ ለመኖ እንደጨረሱት ነገሩን። የወጣቷ ባል ይህን አያውቅም ነበር። የግንባታ ባለሙያ ነው። አንገቱን ደፍቶ ቆየና "እትዬ፣ ሲሚንቶውን እኔ እችላለሁ፤ ጉልበቱም የእኔ ነው" አለ። ማመልከቻው ከቦርሳው ሳይወጣ ቀረ።

ሽታው ፈጽሞ ጠፋ ብዬ አልዋሻችሁም። በሐምሌ ዝናብ ዛሬም አንዳንድ ቀን ይመጣል። ነገር ግን በመጣ ቀን ወጣቷ አጥር ላይ አትጮኽም፤ በሩን አንኳኩታ ትነግራለች፤ እናቲቱም ጋሪ ጠርተው ያስጭናሉ።

ሽታው ከየት ይመጣል?

ሽታን ማውገዝ አይቀንሰውም፤ ምክንያቱን ማወቅ ግን ይቀንሰዋል። አንድ የተዳቀለች ላም በቀን ከ20 ኪሎ በላይ እበት ትጥላለች። እበቱ ብቻውን ያን ያህል አይከፋም። የሚከፋው ሽንትና እበት ተቀላቅለው፣ ረጥበው ሲከርሙ ነው። ከሽንቱ አሞንያ የሚባለው ዓይንና ጉሮሮ የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣል፤ አየር ባጣው ርጥብ ክምር ውስጥ ደግሞ እንደ ግም እንቁላል የሚሸት ጋዝ ይፈጠራል። እንግዲህ ዋናዎቹ ጠላቶች ሁለት ናቸው፤ ውኃና መዘግየት።

ላም ያላችሁ ወገኖች ሆይ፣ የበረቱን ወለል ወደ አንድ ጎን ጥቂት ዘቅዝቁት፤ ሽንቱ በቦይ ለብቻው ይውረድ። እበቱን በየቀኑ በማለዳ ጥረጉ። የጣራችሁ ውኃ ወደ ክምሩ እንዳይወርድ አሸንዳ አድርጉለት። ክምሩን ከጎረቤት መስኮት አርቁት፤ ለፍግ ከሆነ ገለባና ደረቅ ቅጠል እየደረባችሁ በየጊዜው አገላብጡት። በደንብ የተያዘ ክምር ውስጡ ከ55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሞቃል፣ ሽታውም እየቀነሰ ወደ አፈርነት ይለወጣል። ኩበት የምትጠፈጥፉም ከሆነ ፀሐይ በደንብ በሚያገኝበት ቦታ አድርጉት፤ የደረቀ ኩበት ብዙም አይሸትም።

ዶሮ ያላችሁ ደግሞ ወለሉ ላይ ያነጠፋችሁትን ሰጋቱራ ወይም ገለባ በእፍኛችሁ ጨምቁት። ኳስ ሆኖ ከቀረ ረጥቧል፤ እጃችሁን ስትከፍቱ ከተበተነ ደኅና ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው የሚያፈስ የውኃ መጠጫ ነው። እርሱን አስተካክሉ፣ የረጠበውን አውጥታችሁ ደረቅ ጨምሩ፣ ከላይ ያለውን የአየር መውጫም አትድፈኑ።

ይህ ሁሉ ለጎረቤት ብቻ አይደለም። አሞንያ የበዛበት ቤት የዶሮዎቹን ዓይንና ሳንባ ይጎዳል፣ እንቁላልም ይቀንሳል። ርጥብ ወለል ላይ የምትተኛ ላም ለጡትና ለሰኮና በሽታ ትጋለጣለች። ወተትም የበረት ሽታ ይስባል። ለጎረቤታችሁ ሰላም ያወጣችሁት ገንዘብ በወተቱ በኩል ይመለሳል።

ቦታና አቅም ላላቸው ባዮጋዝ አለ። በአገራችን በ2001 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም ኦሮሚያን ጨምሮ በአራት ክልሎች ሥራውን ጀምሮ ነበር። ለትንሹ ማብላያ በየቀኑ 20 ኪሎ ገደማ እበትና ተመጣጣኝ ውኃ ያስፈልጋል። እበቱ በዝግ ጉድጓድ ውስጥ ይብላላና ጋዙ ወጥ ይሠራል፤ የሚወጣው ዝቃጭም ከጥሬው እበት ይልቅ ሽታው አነስተኛ ነው፣ ለአትክልትም ይሆናል። አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ተዘግቶ የቆየ የእበት ወይም የሽንት ጉድጓድ ውስጥ ማንም ሰው እንዳይገባ። ጋዙ ሲበዛ ማሽተትን ራሱን ያደነዝዛል፣ ወዲያው ይገድላል፤ ሊያድን የገባውንም አብሮ ይወስዳል።

ሕጉስ ምን ይላል?

"ሕግ የለም እንዴ?" የምትሉ ትኖራላችሁ። አለ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1225 ባለ ንብረት ጎረቤቱን እንዳያውክ ያዛል፤ ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጭስ፣ መጥፎ ሽታና ድምፅ እንዳያስወጣም ይከለክላል። ነገር ግን ዳኛው የአካባቢውን ልማድና የቦታውን ሁኔታ እንዲመለከት ያሳስባል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 44 ማንም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ደንግጓል።

ልብ በሉ፣ ያው ቁጥር 1225 ድምፅንም ይጨምራል። የጎረቤታችን ሽታ ወደ ግቢያችን ሲገባ እንደሚያውከን ሁሉ፣ የአዳር ጸሎት ስፒከርም ሌሊት በሥራ ደክሞ የተኛውን ጎረቤት ያውካል። በዚህ ሚዛን ሌላውን ስንመዝን ራሳችንም አብረን እንመዘናለን።

ሽታ ያጣላው እኛን ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1610 በእንግሊዝ አገር ዊልያም አልድሬድ የተባለ ሰው፣ ጎረቤቱ ቤንተን ከቤቱ አጠገብ የአሳማ ቤት ሠርቶ በሽታው አስቸገረኝ ብሎ ከሰሰ። ተከሳሹ ያቀረበው መከራከሪያ፣ ሰው የአሳማ ሽታ የማይችል ያህል አፍንጫው ሊቀብጥ አይገባም የሚል ነበር። ፍርድ ቤቱ ግን ለአልድሬድ ፈረደ። በተቃራኒው ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በጥር 2021 ባወጣችው ሕግ የገጠሯን ድምፅና ሽታ የአገር ቅርስ ብላ እውቅና ሰጥታለች፤ ከከተማ ሄደው የሰፈሩ ሰዎች ስለ ዶሮ ጩኸትና ስለ ከብት በየጊዜው መክሰሳቸው አንዱ ምክንያት ነበር። እንግዲህ ሕግ አንድ ቦታ ለከሳሹ፣ ሌላ ቦታ ለባለ ከብቱ ይፈርዳል። በሁለቱም ቦታ ግን ተፈራርዶ የወጣ ሰው የሚመለሰው ወደዚያው አጥር ነው።

የሕፃን ትንፋሽ ሲጎዳና ጎረቤት ፈጽሞ አልሰማም ሲል ወደ ቀበሌም ወደ ጤና ባለሙያም መሄድ ኃጢአት አይደለም። የመጀመሪያ እርምጃችን ግን አይሁን።

አብራምና ሎጥ

መጽሐፍ ቅዱስ የመዘገበልን አንዱ የቤተሰብ ጠብ የከብት ጠብ ነው (ዘፍ. 13)። የአብራምና የሎጥ መንጋ በዛ፣ ምድሪቱ ጠበበች፣ እረኞቻቸውም ተጣሉ። በዚህ ታሪክ ሦስት ነገሮች ልቤን ይነኩታል።

አንደኛ፣ ጸሐፊው በዚያን ጊዜ ከነዓናውያንና ፌርዛውያን በዚያው ምድር ይኖሩ እንደነበር ይጠቅሳል። ተመልካች ነበረ ማለት ነው። በእኛም ሰፈር ሙስሊሙም ኦርቶዶክሱም ጎረቤት ያየናል፤ ስለምንሰብከው ፍቅር የሚያምነው በአጥር ጠባችን ካየው በኋላ ነው።

ሁለተኛ፣ ታላቁ አብራም ምርጫውን ለታናሹ ለቀቀ። በኦሮሞ ባህል በጃርሱማ የሚቀመጡ ሽማግሌዎችም ሆኑ የእኛ ሰፈር አስታራቂዎች የሚያውቁት እውነት ነው፤ እርቅ የሚጀምረው አንዱ ከመብቱ ጥቂት ሲለቅ ነው።

ሦስተኛ፣ መንጋዎቹ ተለያዩ። አንዳንድ ጊዜ ግቢው ከጠበበ ላሟን ወደ ሰፊ ቦታ መውሰድ፣ ወይም ቁጥሩን መቀነስ እውነተኛው መፍትሔ ነው። የተለየው ግን መንጋው ነበር። በምዕራፍ 14 ሎጥ ሲማረክ አብራም ሊያስጥለው ሌሊት ዘምቷል።

እንዴት እንጀምር?

ጌታ በማቴዎስ 18፥15 መጀመሪያ ለብቻችን ሄደን እንድንነጋገር አስተምሮናል። ስለዚህ ፊርማ ከማሰባሰባችሁ በፊት ባልና ሚስት አብራችሁ ሂዱ። በተናደዳችሁበት ሰዓት አትሂዱ፤ ሰው በተሰበሰበበትም አትናገሩ። ለጥቂት ቀናት ሽታው በስንት ሰዓትና በምን ዓይነት አየር እንደሚብስ ጻፉ። "ሸታችሁብን" አትበሉ፤ "ማታ 1 ሰዓት አካባቢ ነፋሱ ሲቆም ወደ ሕፃኑ መኝታ ይገባብናል" በሉ። የመጀመሪያው ሰውን ያዋርዳል፤ ሁለተኛው ሥራ ያሳያል። ከዚያም "እኛ ምን እናግዝ?" ብላችሁ ጠይቁ። የጋሪ ኪራይ፣ ጥቂት ሲሚንቶ፣ የመስኮት ወንፊት፣ በአጥሩ ላይ የሚተከል ዛፍ፤ ለአንድ ቤት ከባድ የሆነው ለሁለት ሲካፈል ይቀላል።

ባለ ከብት የሆናችሁ ደግሞ ጎረቤት ሲመጣ በመጀመሪያ አትከራከሩ። "አሁን አይሸተኝም፣ እስቲ ከእናንተ ቤት ሆኜ ልየው" ማለት ብቻ የጠቡን ግማሽ ያበርዳል። የተስማማችሁበትን ጻፉት፤ እበቱ በስንት ሰዓት ይነሣል? ክምሩ የት ይሆናል? በክረምት ማን ጋሪ ይጠራል? ከወር በኋላም ተገናኝታችሁ ተያዩ። ካልተሳካም ሁለታችሁም የምታከብሯቸውን ሽማግሌዎች ጨምሩ፤ እነርሱንም ሽታው ባለበት ሰዓት ጥሯቸው።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት እንደሚሻል አባቶቻችን ነግረውናል። ልጃችሁ ሌሊት ሲታመም አጥር ዘሎ የሚደርሰው አዲስ አበባ ያለው ወንድማችሁ አይደለም። ወተቱም ጤናውም ያስፈልጋችኋል፤ ሁለቱን አስታርቆ መኖር ደግሞ ይቻላል። ይህን መጽሔት አንብባችሁ ስትጨርሱ ባልና ሚስት አብራችሁ ጸልዩ፤ ከዚያም ተነሥታችሁ የምታንኳኩት በር ካለ ሳይመሽ ሂዱ። ጌታ ከእናንተ ጋር ይሂድ። አሜን።